«ባለድርሻ አካላት ተሳትፈዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥናት ላይ ይህን ሐረግ ስታዩ ቶሎ አትመኑ። አንዳንዴ ተሳትፎ ማለት አዳራሽ ተጠርቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አበል ፈርሞ መመለስ ነው። አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ተሳትፎን በ8 እርከን መሰላል መስላዋለች፤ ታች ማታለል አለ፣ ጫፉ ላይ ሕዝቡ ራሱ ይወስናል፣ «ማማከር» የምንለው ደግሞ ገና መሃል ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው «ከባለድርሻ ጋር መሥራት ይጠቅማል ወይ?» ተብሎ ማስረጃ ሲገመገም ነው። አንዱ ጥናት «ትብብር» ብሎ የጠራው ሌላው ጋ መጠይቅ መሙላት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መደመር ጤፍን ከነአሸዋው መመዘን ነው። ስለዚህ ስም ትታችሁ ሥራውን ጠይቁ፦ ጥያቄውን ማን አወጣ? ማን መዘነ? ውጤቱንስ ማን ተረጎመ?

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ስንዴ ጥናት ላይ 60 ገበሬዎች፣ ሴትም ወንድም፣ 400 የስንዴ ዓይነቶችን ማሳው ላይ እያዩ በ4 መስፈርት ነጥብ ሰጥተዋል። ነጥባቸው ከተመራማሪዎቹ ልኬት ጋር አብሮ ተተንትኗል። ይሄ እንግዲህ ከአበል ፊርማ በጣም ይርቃል። ግን ነጥብ መስጠትና የጥናቱን ጥያቄ ማውጣትም (እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው) አንድ አይደሉም፤ ማስረጃ ገምጋሚው ሁለቱን ለየብቻ መመዝገብ አለበት።