ፋንተም፦ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጭምብል

ፋንተም በአሜሪካዊው ደራሲ በሊ ፋልክ የተፈጠረና ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1936 በዕለታዊ ጋዜጦች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የሥዕላዊ ታሪክ ጀግና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገላው ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን በጭምብል ጋርዶ፣ ማንነቱን ደብቆ ግፈኛን የሚያሳድድ ጀግና ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው መልክ ሆኗል፤ ይህን መልክ ይዞ በጋዜጣ ገጽ ላይ ቀድሞ የቆመው ግን ፋንተም ነው። ሱፐርማን የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1938፣ ባትማን ደግሞ በ1939 ነበር። እነዚህ ሁለቱ በትውልድ አገራቸው ሲነግሡ ፋንተም ግን እውነተኛ ቤቱን ያገኘው ከባሕር ማዶ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በአውስትራሊያ፣ በሕንድና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። ስለ እርሱ የሚጻፍ ታሪክ የአድናቂዎቹን ታሪክ ትቶ ሙሉ ሊሆን የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በተረቱ መሠረት ነገሩ የሚጀምረው በ1536 ነው። የሲንግ ወንበዴዎች የተባሉ የባሕር ላይ ዘራፊዎች አንድ መርከብ ወርረው የመርከቡን አዛዥ ሲገድሉ፣ ልጁ ክሪስቶፈር ብቻ ከሞት ተርፎ ማዕበል ባንጋላ ከተባለች አገር ዳርቻ ይጥለዋል። ባንዳር የሚባሉት ቁመተ አጭር የደን ነዋሪዎች አንስተው ያስታምሙታል። ካገገመ በኋላ የአባቱን ገዳይ የራስ ቅል በእጁ ይዞ፣ የባሕር ላይ ዘረፋን፣ ስግብግብነትን፣ ጭካኔንና ግፍን በመታገል ዕድሜውን ሊፈጅ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ይህንኑ ሊከተሉ ይምላል። ከዚያ ወዲህ አባት ሲሞት ልጅ በአባቱ ፊት ያንኑ መሐላ ይምላል፣ ያንኑ ልብስ ይለብሳል፣ ያንኑ ጭምብል ያጠልቃል። ፊቱን ያየ ስለሌለ የአካባቢው ሰው አባት መሞቱንና ልጅ መተካቱን አያውቅም፤ አራት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያየው አንድ ሰው ይመስለዋል። «የሚራመደው መንፈስ» እና «የማይሞተው ሰው» የሚሉት የቅጽል ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። አንባቢ በጋዜጣው ላይ የሚከታተለው 21ኛውን ፋንተም ኪት ዎከርን ሲሆን፣ «ዎከር» የሚለው የቤተሰብ ስም ራሱ ተራማጅ ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት የፋልክ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፋንተም አይበርም፣ ጥይት አይመልስም፣ ከሌላ ዓለምም አልመጣም። ያለው ነገር ሁለት ሽጉጥ፣ የሠለጠነ ክንድ፣ ሂሮ የተባለ ነጭ ፈረስ፣ ዴቪል የተባለ ተኩላና ከአባቶቹ የወረሰው ዝና ብቻ ነው። ኃይሉ ሌሎች ስለ እርሱ በሚያምኑት ነገር ላይ የቆመ ነው። በሁለት እጆቹ የሚያደርጋቸው ቀለበቶችም የዚሁ ዝና ማኅተሞች ናቸው፤ በቀኝ እጁ ያለው የራስ ቅል ቀለበት በቡጢ የተመታውን ክፉ ሰው አገጭ ላይ የማይለቅ ምልክት ይተዋል፣ በግራው ያለው ደግሞ የእርሱን ጥበቃ ላገኘ ሰውና ቦታ የሚሰጥ የበጎ ምልክት ነው። በራስ ቅል ቅርጽ በተፈለፈለው ዋሻው ውስጥ የቀደሙት አባቶቹ አፅም በተራ አርፏል፣ የእያንዳንዳቸው ገድልም በመዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል። እነዚህ መዝገቦች ለደራሲዎች የማይነጥፍ ምንጭ ሆነዋል፤ አንድ ደራሲ ሲፈልግ ወደ 17ኛው ወይም ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ተመልሶ የሰባተኛውን ወይም የ13ኛውን ፋንተም ታሪክ ሊጽፍ ይችላል፣ ጀግናውም ያው ጀግና ነው።

ሊ ፋልክ በ1911 በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። ፋንተምን ከመፍጠሩ በፊት በ1934 «ማንድሬክ» የተባለውን አስማተኛ ለኪንግ ፊቸርስ ድርጅት አቅርቦ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ድርጅቱ ሥዕላዊ ታሪኮችን ለጋዜጦች የሚያከፋፍል ሲሆን፣ ፋልክ ሁለተኛ ሥራ በተጠየቀ ጊዜ መጀመሪያ ያቀረበው የንጉሥ አርተርን አፈ ታሪክ ነበር፤ ያ ውድቅ ሲሆንበት ፋንተምን አመጣ። በመነሻው ጀግናው ቀን ቀን ጂሚ ዌልስ የተባለ ሀብታም የኒው ዮርክ ወጣት፣ ሌሊት ደግሞ ጭምብለኛ እንዲሆን አስቦ እንደነበር የመጀመሪያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል፤ ታሪኩ ገና ሳያልቅ ግን ሐሳቡን ለውጦ ወደ ጫካው አዛወረው። የጭምብሉ ዓይኖች ብሌን የሌላቸው ባዶ ነጭ መሆናቸውንም ከጥንት ግሪክ ሐውልቶች እንደወሰደው ይናገር ነበር። ይህ ዘዴ በኋላ በመጡት ባለ ጭምብል ጀግኖች ዘንድ እንደ ደንብ ተቆጥሯል።

ሥዕሉን በመጀመሪያ የሠራው ሬይ ሙር ሲሆን፣ ጥላ የበዛበት፣ ምስጢር ምስጢር የሚሸት አሳሳሉን ብዙ የቆዩ አንባቢዎች እስካሁን የሚተካከለው እንደሌለ ይናገራሉ። ከእርሱ ዊልሰን ማኮይ ተቀበለ፤ ማኮይ በ1961 ሲሞት ሥራው በዚያው ዓመት ወደ ሳይ ባሪ ተሻገረ፣ ባሪም እስከ 1994 ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። ሠዓሊዎቹ ሲፈራረቁ ደራሲው አልተለወጠም። ፋልክ በ1999 እስኪሞት ድረስ፣ በድምሩ 63 ዓመት፣ ፋንተምን ሲጽፍ ኖሯል፤ አንድ ሰው የፈጠረውን ጀግና ይህን ያህል ዘመን ራሱ መጻፉ በዚህ ሙያ እጅግ ብርቅ ነው። ከእርሱ በኋላ ጽሕፈቱን ቶኒ ዲፖል ተረከበ።

ጀግናው በገጹ ላይ ሲያረጅ ባይታይም ሕይወቱ ቆሞ አልቀረም። ከመጀመሪያው ታሪክ ጀምሮ የሚወዳትን ዳያና ፓልመርን ያገባት ከ41 ዓመት በኋላ በ1977 ነው። ሰርጉ በታሪኩ ተከታታዮች ዘንድ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ዳያና በታሪኩ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠራተኛ ስትሆን፣ ከጋብቻው በኋላ ኪትና ኤሎይዝ የተባሉ መንታ ልጆች ወልዳለች። ስለዚህ 22ኛው ፋንተም አስቀድሞ ተወልዷል ማለት ነው።

የባንጋላ ጉዳይ ረጋ ብሎ መታየት ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪኩ የሚካሄደው በእስያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ ነበር፤ ሲንግ የሕንድ ስም ነው፣ «ባንዳር» በሂንዲ ዝንጀሮ ማለት ነው። ፋንተም የአሥር ታይገር ጉልበት እንዳለው የሚናገረው «የጫካው የጥንት ብሂል» ደግሞ በአፍሪካ ደን ውስጥ ከማይገኝ አውሬ የተወሰደ ነው። ከጊዜ በኋላ ፋልክ ስሞቹንና ብሂሎቹን እንዳሉ ትቶ አገሪቱን ወደ አፍሪካ አሻገራት። እንዲህ በቀላሉ ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው መዛወሯ፣ የዚያ ዘመን ምዕራባዊ አንባቢ እስያንና አፍሪካን የሚያያቸው እንደ አንድ ሩቅ ጫካ እንደነበር ያሳያል። በጫካው ውስጥ ጥቁር ሕዝቦች ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲሳሳቱ የሚቀጣ አንድ ነጭ ሰው መኖሩም የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ነጸብራቅ ነው፤ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል፤ በተለይ ለአፍሪካዊ አንባቢ የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች ማንበብ ያሳምማል።

ሆኖም ፋልክ ቆሞ አልቀረም። የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት ዘመን ባንጋላም በሕዝብ የተመረጠ ፕሬዚዳንት አገኘች፤ ላማንዳ ሉዋጋ የተባለው ይህ መሪ ሐኪም ሲሆን፣ ሥልጣኑን በጉልበት ሊነጥቅ ከሚሻው ከጄኔራል ባባቡ ጋር የሚያደርገው ትግል ከተከታታዩ ዋና ዋና ጭብጦች አንዱ ሆኗል። ፋንተምም ከጫካው ዳኛነት ይልቅ ለሉዋጋ ወዳጅና አጋዥ ወደ መሆን አዘነበለ። ለውጡ የመነሻውን እንከን አይፍቀውም፤ ደራሲው የራሱን ሥራ መልሶ እንደ መረመረ ግን ያስረዳል።

ወደ አድናቂዎቹ ስንመጣ፣ የስካንዲኔቪያ አገሮች በቅድሚያ ይነሣሉ። በስዊድን ጀግናው «ፋንቶመን» በሚል ስም ይጠራል፣ የራሱ መጽሔትም ከ1950 ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲታተም ቆይቷል። ከአሜሪካ የሚመጣው የዕለት ታሪክ የመጽሔቱን ገጾች መሙላት ሲያቅተው ስዊድናውያን ከ1960ዎቹ ጀምሮ የራሳቸውን ታሪኮች ማስደረስና ማስሳል ጀመሩ፤ «ቲም ፋንቶመን» የሚባለው የደራሲዎችና የሠዓሊዎች ቡድን ያዘጋጃቸው ረጃጅም ታሪኮች ከጊዜ በኋላ በዓለም ላይ ከሚታተመው የፋንተም ሥራ ሰፊውን ድርሻ ያዙ። ስዊድናውያኑ ታሪክን መመርመር ይወዳሉ፤ በእነርሱ እጅ የቀደሙት ፋንተሞች በእውነተኛ የታሪክ ክንውኖች መካከል ሲመላለሱ ይታያሉ። በኤስኪልስቱና ከተማ ባለው የእንስሳት ማቆያም ለረጅም ዘመን የራስ ቅሉ ዋሻ የተሠራበት የፋንተም መንደር ነበር። ስለ ኖርዌይ ደግሞ ፋልክ ራሱ ደጋግሞ የሚናገረው ታሪክ አለ፤ አገሪቱ በናዚ ጀርመን በተያዘችበት ወቅት የጀግናው ስም ለአርበኞቹ የይለፍ ቃል ሆኖ እንዳገለገለ ይተርክ ነበር።

በአውስትራሊያ ፋንተም በ1936 በአንድ የሴቶች ሳምንታዊ መጽሔት ገባ፤ ፍሩ የተባለው አሳታሚ በ1948 የጀመረው መጽሔትም እስካሁን አለ። ዛሬም አውስትራሊያዊው አንባቢ ከአዳዲሶቹ ሥራዎች ብዙዎቹን የሚያገኘው ከስዊድን ተተርጉመው ነው፤ አሜሪካዊ ጀግና በስዊድናውያን ተጽፎ በሲድኒ ይታተማል ማለት ነው። የዚያ አገር አድናቂዎች ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሟልቶ መሰብሰብን እንደ ትልቅ ክብር ይቆጥሩታል፤ አንድ አባት በልጅነቱ የጀመረውን ስብስብ ለልጁ ማውረሱም በመካከላቸው የተለመደ ነገር ነው።

በሕንድ ነገሩ ከቋንቋ ጋር ተዋሕዷል። በ1964 ኢንድራጃል ኮሚክስ የተባለው ተከታታይ ኅትመት የጀመረው በፋንተም ሲሆን፣ በ1990 እስኪቆም ድረስ ታሪኩ ከእንግሊዝኛ ሌላ በሂንዲ፣ በቤንጋሊና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይነበብ ነበር። በሂንዲ ስሙ «ቬታል»፣ በቤንጋሊ «አራንያዴብ» ነው፤ የመጀመሪያው በሕንድ ተረቶች የታወቀ መንፈስ ስም ነው፣ ሁለተኛው የጫካ አምላክ ማለት ነው። አሳታሚዎቹ የአንባቢውን ስሜት ላለመጉዳት ቤንጋልን የሚመስለውን የአገሪቱን ስም ወደ «ዴንካሊ»፣ የወንበዴዎቹንም ስም «ሲንግ» ከሚለው ወደ «ሲንጋ» ለወጡት። በሲጋራ ቅርጽ የተሠራ ከረሜላ በፋንተም ስምና ምስል ይሸጥ ስለነበር፣ መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ አቅም ያልነበረው ልጅ እንኳ ጭምብሉን ያውቀው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የፓፑዋ ኒው ጊኒው ነው። በዚያ አገር «ዋንቶክ» የተባለው ጋዜጣ የፋንተምን ታሪክ በቶክ ፒሲን ቋንቋ ያትም ነበር። በዋጊ ሸለቆ ደግሞ በ1980ዎቹ የጎሣ ግጭቶች እንደገና ባገረሹ ጊዜ፣ ተዋጊዎች ሰው ሙሉ በሚሸፍኑት ትልልቅ ጋሻዎቻቸው ላይ የፋንተምን ምስል በደማቅ ቀለም ይስሉ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማይሞት ሰው በጋሻ ላይ ከተሣለ ከጋሻው ጀርባ የቆመውን ይጠብቃል፣ ከፊት የሚመጣውንም ያስፈራራል። ሞት ስለማያውቀው ጭምብለኛ የተጻፈውን ልብ ወለድ ከጋዜጣ አውጥተው፣ ከአባቶቻቸው በወረሱት የጋሻ ባህል ውስጥ አስገቡት። እነዚህ ጋሻዎች ዛሬ በሙዚየሞችና በግል ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ።

ጀግናው በየአገሩ የሚለብሰው ቀለም እንኳ አንድ አይደለም። ፋልክ በአእምሮው የነበረው ግራጫ ሲሆን፣ በ1939 ባለ ቀለም የእሑድ ገጽ ሲጀመር አታሚዎቹ ሐምራዊ አደረጉት፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያም እንዲሁ ጸና። በስካንዲኔቪያ ልብሱ ሰማያዊ ነው፤ በጣሊያን፣ በቱርክና በብራዚል ቀይ ነው፤ ቱርኮች ስሙንም ከዚሁ አውጥተው «ቀይ ጭምብል» ይሉታል። ለአንድ የስቶክሆልም ልጅ ሐምራዊው፣ ለአንድ የሲድኒ ልጅ ደግሞ ሰማያዊው ፋንተም የተሳሳተ ይመስለዋል።

በሲኒማ የተሳካለት አይመስለኝም። በ1943 በቶም ታይለር መሪ ተዋናይነት ባለ 15 ክፍል ተከታታይ ፊልም ተሠራ፤ በ1996 ደግሞ ቢሊ ዜን የተወነበትና አውስትራሊያዊው ሳይመን ዊንሰር ያዘጋጀው ፊልም ወጣ። ይህኛው ልብሱንና ቀለበቱን በታማኝነት ቢያሳይም በሲኒማ ቤት ወጪውን አልመለሰም። የአሜሪካ ተመልካች በዚያ ዓመት ፋንተምን እንደ አዲስ እንግዳ ነበር የተቀበለው፤ የኮሚክ መጽሐፍ ሱቆች ጀግኖቻቸውን በየወሩ ሲያሳድሱ እርሱ በጋዜጣ ገጽ ላይ በቀን ሦስት አራት ሥዕል እየታየ ዘመን ስላለፈበት፣ ጋዜጣ የሚያነበው ትውልድ ሲመናመን የአገሩ አንባቢም አብሮ መንምኗል።

የዕለቱ ታሪክ ግን አልቆመም። በሲድኒ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በሚካሄደው ታላቁ የግብርና ትርኢት የፋንተም ከረጢት የሚሸጥበት ዳስ አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ መጽሔቶችና የራስ ቅሉ ቀለበት ይገኛሉ፣ ዳሱ ፊት ከሚሰለፉት መካከልም በልጅነታቸው ያንኑ ቀለበት ያደረጉና ዛሬ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው የመጡ አባቶች ይታያሉ።