«መሮው ተቃጠለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

መሮ በግራይንደር ሲሳል የስለቱ ጫፍ ድንገት ሰማያዊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መሮው ተቃጠለ የሚባለው ያኔ ነው። ስለቱ ሲያዩት ደህና ነው፤ ወረቀትም ይቆርጣል። እንጨት ላይ ግን ጥቂት ከመታችሁት በኋላ ይተኛል።

ነገሩ ከብረቱ አሠራር ይጀምራል። የመሮ ብረት መጀመሪያ እስኪቀላ ይግላል፤ ከዚያ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ገብቶ ባንዴ ይቀዘቅዛል። በጣም ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ያኔ ከጥንካሬው ትንሽ ለቆ ምት ይችላል። ግራይንደሩ ከዚህ በላይ ሲያሞቀው ብረቱ መልቀቁን ይቀጥላል። ቀለሙን ተከታተሉ፦ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ። ሰማያዊው 300 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል።

ቶሎ የሚቃጠለው ጫፉ ነው፤ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያሸሽበት የለውም። ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ይቻላል። መላላቱ ግን አይጠፋም። ያገለገለ መሮ ስትገዙ ይህን አስቡ።

እኔም የዋንዛ በር ማጠፊያ ልገጥም ቸኩዬ አንድ ጥሩ መሮ አቃጥያለሁ። መፍትሔው የላላውን ክፍል በሙሉ ሞርዶ መጨረስ ብቻ ነበር። ብዙ ብረት ሄደ፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ግራይንደር አትንኩ ማለቴ አይደለም። ስለቱ ጥርስ ካወጣ በእጅ ማስተካከል ቀን ይፈጃል። ብቻ ሳትጫኑ፣ በባዶ እጅ፣ ጣታችሁን ወደ ጫፉ አስጠግታችሁ ያዙ። ሙቀቱ ጣት ሳይፈጅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። በማሽኑ የስለቱን ማዕዘን 25 ዲግሪ ገደማ አውጡና የመጨረሻዋን ስስ ጠርዝ ለድንጋይ ተዉለት።

እርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ በእጅ ሲሳል ብረቱ አይቃጠልም። መሮውን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ወደ 30 ዲግሪ አምጡት። ጥቂት ስትስሉት በጀርባው በኩል ለጣት የምትሻክር ስስ የብረት ክር ትወጣለች። ስለቱ ጫፍ ድረስ መድረሱን የምታውቁት በእሷ ነው። ከዚያ ጀርባውን ድንጋዩ ላይ ለጥ አድርጋችሁ አሹት፣ ትረግፋለች። አሁን የአንድ ጣውላ በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ በመሮው በእጅ ግፊት ብቻ ላጡ። እንጨቱ ሳይቦጫጨቅ ካብረቀረቀ መሮው ተስሏል።