«ስንት ቪው ገባለት?» እና ሌሎች የራፕ ወሬዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰው ይቀዳል፣ እኔ ሚክስ አደርጋለሁ፤ ድምፁንና ሙዚቃውን አመጣጥኜ አዋህዳለሁ። በቅርቡ አንድ የአዘዞ ልጅ የራፕ ኢፒ፣ ማለትም አጭር የዘፈን ስብስብ፣ አወጣ። አምስት ትራክ፣ ሲደመር 17 ደቂቃ። አሳታሚ የለው፣ ማናጀር የለው። የተቀዳው እኔ ጋ ነው፤ የሽፋኑን ፎቶ ወንድሙ በስልክ አነሳለት። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ስይዝ፣ ቡና ስጠጣ፣ ፀጉሬን ስስተካከል የማልሰማው ትንታኔ የለም። አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው። ዘፈኑን አትወዱት ይሆናል፣ መብታችሁ ነው። ግን ባልሆነ ነገር አትፍረዱበት።

«አምስት ዘፈን ብቻ? ብር አልቆበት ነው»

አላለቀበትም። ቢያልቅበት ኖሮ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ የሚከፍለው ለኔ ነዋ። ኢፒ ተቆርጦ የቀረ አልበም አይደለም፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አርሲኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 በትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ ከተለመደው በላይ ዘፈን ማስገባት ሲጀምር የተለመደ ስም ነው። ከነጠላ ዘፈን ይበዛል፣ ከአልበም ያንሳል። ዛሬም አፕል ሙዚቃ ላይ ከ4 እስከ 6 ትራክ ያለውና ከ30 ደቂቃ በታች የሆነ ስራ ኢፒ ተብሎ ይመዘገባል። 7 ትራክ ከደረሰ ወይም 30 ደቂቃ ከሞላ አልበም ይባላል።

«ሙሉ ስራ ማለት አስራ ሁለት ዘፈን ነው» የሚለው ልማድ የመጣው ከካሴት ይመስለኛል። ካሴት ሁለት ፊት አለው፣ ባዶ መተው አይቻልም። ከካሴት በፊትስ? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር የነአለማየሁ እሸቴ ዘፈን የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነበር። ፊት አንድ፣ ጀርባ አንድ። አባቶቻችን ያንን ገዝተው ሲጨፍሩ «ሌላው አስሩስ?» ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። እኔ ጋ ግን አስራ አራት ካልሞላሁ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ደንበኛ ነበረኝ። ሞላ። የመጨረሻዎቹን አራቱን ዛሬ ራሱም አይከፍታቸውም።

«ራፕ የኛ አይደለም»

ሂፕ ሆፕ የኒው ዮርክ ብሮንክስ ልጅ ነው። ትውልዱ ጃማይካዊ የሆነው ዲጄ ኩል ሄርክ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሙዚቃ ሲያጫውት ተጀመረ ይባላል። ይሄን የካደ የለም። ጊታርም የኛ አልነበረም።

የሚያናድደኝ ይልቅ ተከራካሪው ወገን ነው። «ኧረ የኛ ነው፣ አዝማሪ ድሮም ራፐር ነበር» ይላል። አልነበረም። አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል እንግዳው የሰጠውን ግጥም ይዞ በማሲንቆ ያስኬደዋል፣ ሙያው እሱ ነው። ራፐር የሰው ግጥም ተቀብሎ ከተያዘ ስሙ ይጠፋል። ሁለቱንም ማክበር ከፈለጋችሁ አንዱን በሌላው አትጥሩ።

«ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሚክሱ አልተሰራም»

የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ፣ ሰሚው ቅንብሩን ካልቀየረው፣ ዘፈኑን ሉፍስ በሚባለው የድምፅ ጩኸት መለኪያ ወደ ነጌቲቭ 14 ያመጣዋል። ጆሮ እስኪቀደድ ያስጮህከውን ራሱ ይቀንስብሃል። ድምፁን መጨመሪያው ስልክህ ላይ ነው።

«ስንት ቪው ገባለት?»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል።

ሰው ዘፈኑን ሳይከፍት ቁጥሩን ያያል። «ሁለት ሺህ? አይ፣ አልተወደደም» ይልና ስልኩን ኪሱ ይከታል። እስቲ ቁጥሩ ምኑን እንደሚቆጥር እንይ። ስፖቲፋይ ላይ 30 ሰከንድ ከተሰማ አንድ ተብሎ ይያዛል። አጫጭር ቪዲዮ በሚለቀቅበት ዩቲዩብ ሾርትስ ላይ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ቪዲዮው መጫወት ከጀመረ በቃ፣ ተቆጥሯል። በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያለፈውም ቪው ነው፣ እንባው መጥቶ የጨረሰውም ቪው ነው።

የሚሸጥ ቪውም አለ። ቴሌግራም ላይ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ተለጥፎ ይሸጣል። ከደንበኞቼ አንዱ ገዝቶ መቶ ሺህ አለፈ። ስልክ ይጎርፍለት ጀመር፣ ግን ለመድረክ የጠራው የለም። ሁሉም «ከማን ነው የገዛኸው?» ለማለት ነው የደወለው። ኋላ ዩቲዩብ ሲያጣራ ብዙው ተነነ።

አሁን ደግሞ የማይቆጠረውን እንይ። ዘፈን ጎንደር ውስጥ የሚዞረው በቴሌግራም፣ በዜንደርና በፍላሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ሲቋረጥ ሰው ዘፈን መስማት አላቆመም። ከስልክ ወደ ስልክ ይላላክ ነበር። ያንን ዩቲዩብ ከየት ያውቀዋል?

የዚህ ልጅ ስራም እንደዛው ነው። ባለፈው ከአራዳ ወደ ማራኪ ባጃጅ ይዤ ሹፌሩ ሦስተኛውን ትራክ ከፈተ። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። አየት ሳደርግ የፋይሉ ስም «ፋይናል ሁለት አዲሱ» ይላል። ይሄን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ! ልጁ ለጓደኛው «ስማውና አስተያየት ስጠኝ» ብሎ የላከው፣ ገና ቤዙ ያልተስተካከለ ሚክስ ነው። እንግዲህ ምን ያህሉ የጎንደር ሰው ያንን ያላለቀውን ይዞ እንደሚዞር እግዜር ይወቀው። ሹፌሩ ግጥሙን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይለዋል። ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪም አብራው ትል ነበር። ሁለቱም ለዩቲዩብ አልተወለዱም።

ቁጥር ካማራችሁ ደህናውን ቁጥር እዩ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ከዘፈኑ የቱ ጋ እንደወጣ፣ የቱ ጋ እንደቆየ የሚያሳይ መስመር አለ። የልጁን ከፍተን አየነው። መግቢያው ላይ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ 40 ሰከንድ ሙሉ ያለ ቃል የሚሄድ ማሲንቆ ነው፣ ይርዘም ብሎ የተከራከረኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ቨርስ (የራፑ ሁለተኛ የግጥም ክፍል) ላይ ግን ወደ ላይ ጉብ ይላል። ሰው መልሶ እየሰማ ነው ማለት ነው። ስንኙ ይቺ ናት፦

«ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ ጓደኛዬ አዘዞ ሄደ»

መጀመሪያ ስትሰሙት አዝዞ፣ ሳይጠጣ ጥሎት የሄደ ሰው ነው። የጎንደር ሰው ግን አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ መሆኑን ያውቃል። ጓደኛው አገር ለቆ ነው የሄደው። አንድ የአዲስ አበባ ሰው «አዝዞ ነው የሚባለው፣ አማርኛ አስተካክል» ብሎ ጽፎለታል። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ሳቅን። «በአዲስ አበባ አማርኛ ካልሆነ ሰው አይሰማህም» የሚሉትም ይቺን ስንኝ ይመልከቷት። መስመሩ ጉብ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን በቪው ብቻ አይመጣም። የዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ከመመዘኛዎቹ አንዱ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ይህን 17 ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው ከ14 ሺህ ጊዜ በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሾርትስ የሚገፋው ደግሞ እዚህ ሰዓት ውስጥ አይገባም። ስፖቲፋይም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ትራክ አይከፍልም። ስለዚህ ሊንክ ለዘመድ መላክ ትታችሁ መግቢያውን አሳጥሩ። አምስቱን ትራክ ተከታትሎ እንዲጫወት በአንድ ፕሌይሊስት አድርጉት። ያለቀውን ፋይል ራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፣ አለዚያ «ፋይናል ሁለት» ይቀድማችኋል። ፋይሉ ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። ባጃጅ ውስጥ የሰማችሁ ሰው ለመድረክ ሊጠራችሁ ቢፈልግ በምን ያገኛችኋል?

«ቢቱ ፍሪ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ተጽፏል»

ቢት ራፐሩ የሚዘፍንበት ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ብዙውን ጊዜ «ፍሪ» ማለት ገንዘብ ካላገኘህበት ማለት ነው። ከስሩ በትንሹ ተጽፏል፣ የሚያነበው የለም እንጂ። በእኛም አገር ቢት የሰራ ሰው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት አለው። ዘፈኑ ሲነሳ ባለቤቱ ኮንቴንት አይዲ በሚባለው የዩቲዩብ የባለመብት መለያ ሥርዓት በኩል «የኔ ነው» ይልና የማስታወቂያው ብር ወደሱ ሊሄድ ይችላል። የአዘዞው ልጅ አራቱን ቢት ከፍሎ ነው የገዛው፣ አምስተኛውን እዚሁ አብረን ሰራነው። ከፍላችሁ ከገዛችሁ የፈቃዱን ኢሜይል አታጥፉት።

«ራፐር ግጥሙን ከስልክ ነው የሚያነበው»

እኔ ስቱዲዮ በወረቀት ነው። ስልክ ሊጠራ ሲል ማይኩ ቀድሞ ይንጣጣል፣ ጥሩው ቴክ (ቀረጻ) ሁሌም ያኔ ነው የሚመጣው።