የሊኑክስ ሲስተም አስተዳደር የሙያ ፈተናዎችና ዝግጅታቸው በወሎ

ይህ ዳሰሳ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው ያሉ ተማሪዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ ዓለም አቀፍ የሲስተም አስተዳዳሪነት ምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚያደርጉትን ዝግጅት ይመለከታል። ፈተናዎቹን የሚያወጡት በውጭ አገር ያሉ ተቋማት ናቸው፤ ጥናቱ ግን እዚሁ፣ አብዛኛው ክፍሉም ያለ ኢንተርኔት ሊከናወን ይችላል። ሥርዓተ ክወናው ከነመመሪያው በአንድ ፍላሽ ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ ወሎ ያለ ተማሪ ከአዲስ አበባው የሚያንሰው በዕውቀት ምንጭ አይደለም። የሚቸገረው በክፍያና በመፈተኛ ቦታ ነው።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ፈቃዱ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲመረምረውና አሻሽሎ እንዲያከፋፍለው ያስችላል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ተማሪ ለጓደኛው የሚገለብጥለት ሊኑክስ ሕጋዊ ቅጂ ነው፤ በየኮምፒውተር ቤቱ ያለ ፈቃድ ስለሚጫነው ዊንዶውስ እንዲህ ማለት አይቻልም።

ትምህርቱ የሚገኝባቸው ተቋማት

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢዎች አሉት፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚገኘው ኮምቦልቻ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተከትሏል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከሦስቱ ታናሹ ነው። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ስም የሚጠራው የደሴው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም በሙያ ሥልጠና ስሙ የታወቀ ነው።

በዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ክወና ኮርስ ወደ ንድፈ ሐሳብ ያዘነብላል፤ ተማሪው የሂደቶችን ቅደም ተከተልና የሚሞሪ አከፋፈልን በወረቀት ያሰላል። የሙያ ሠልጣኝ ደግሞ በብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው፣ መዛኙ ቆሞ እያየው በእጁ ሠርቶ ማሳየት የለመደ ነው። ከታች እንደሚታየው ከባዶቹ የሊኑክስ ፈተናዎች የሚጠይቁት ይህንኑ በመሆኑ፣ የፖሊቴክኒክ ልጆች ከዲግሪ ተመራቂዎች ያነሰ ዕድል አላቸው የሚለው የተለመደ ግምት ብዙም አያስኬድም።

በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ጉዳት ሳይጠቀስ ስለ ቤተ ሙከራዎቹ መናገር አይቻልም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ በጦርነቱ ተይዘው ሲቆዩ፣ ወልድያ ላይ የከረመው ደግሞ ከዚያም የረዘመ ነበር። ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ከደረሰባቸው ዘረፋና ውድመት ኮምፒውተሮቻቸውም አላመለጡም። በአጋጣሚ በተከታዩ ታኅሣሥ ወር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2021፣ ብዙ ሰው ይለማመድበት የነበረው ነፃ የሊኑክስ ዓይነት፣ ሴንትኦኤስ 8፣ ድጋፉ ተቋረጠ። መምህራን ቤተ ሙከራቸውን እንደገና ሲያቋቁሙ ሥርዓተ ክወናውንም ጭምር መቀየር ነበረባቸው ማለት ነው። ቦታውን የያዙት ሮኪ ሊኑክስና አልማ ሊኑክስ ናቸው። ሊኑክስ አምራቹ ሬድ ሃት ኩባንያም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ የራሱን ሊኑክስ ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ 16 ማሽን ድረስ በነፃ ይፈቅዳል።

ፈተናዎቹ

ለጀማሪ የሚመከረው የሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት መንገድ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ተቋም የየትኛውም ሊኑክስ አምራች ወገን አይደለም። የመግቢያ ፈተናው ሊኑክስ ኢሴንሻልስ 40 ጥያቄዎችን በ60 ደቂቃ ያቀርባል። ቀጥሎ ያለው ኤልፒክ-1 ደግሞ 101 እና 102 የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ናቸው። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይሰላል፣ ማለፊያው 500 ነው። የመጀመሪያው ስለ ሃርድዌር፣ ስለ ሶፍትዌር አጫጫን፣ ስለ መሠረታዊ ትእዛዞችና ስለ ፋይል ሥርዓት ይጠይቃል። ሁለተኛው በሼል ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተርታ በሚያሠሩ ጽሑፎች)፣ በተጠቃሚዎች አስተዳደር፣ በኔትወርክና በደኅንነት ላይ ያተኩራል። ከምርጫ ጥያቄዎች መካከል ባዶ ቦታ መሙያዎች ጣል ጣል ይደረጋሉ፤ እዚያ ላይ ትእዛዙን አንድ ፊደል ሳያዛንፉ መጻፍ ግድ ነው።

ኮምፕቲያ የተባለው ተቋም የሚያወጣው ሊኑክስ ፕላስም በጥያቄ መልክ የሚሰጥ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ ለተወሰኑ ዓመታት ይህን ያለፈ ሰው ኤልፒክ-1ንም አብሮ ያገኝ ነበር። ያ ስምምነት ከተቋረጠ ቆይቷል፤ በየፍላሹ የሚዘዋወሩ የቆዩ ማስታወሻዎች ግን ዛሬም «በአንድ ፈተና ሁለት ምስክር ወረቀት» እያሉ ሰው ያሳስታሉ።

የሊኑክስ ፋውንዴሽኑ ኤልኤፍሲኤስ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ሲሆን የሁለት ሰዓት የተግባር ፈተና ነው።

በሥራ ገበያ ስሙ ገንኖ የሚሰማው የሬድ ሃቱ አርኤችሲኤስኤ ነው። ምርጫ የሚባል ነገር የለውም፤ ተፈታኙ ማሽኖች ተሰጥተውት የተባለውን ሠርቶ ይወጣል። ከ300 ነጥብ 210 ማምጣት ይኖርበታል። ኢንተርኔት ዝግ ነው፤ በማሽኑ ውስጥ ያሉት የመመሪያ ገጾች ግን ክፍት ናቸው። ኢንተርኔት ብርቅ በሆነበት ቦታ ያጠና ሰው እነዚህን ገጾች ማገላበጥ የዕለት ተዕለት ልማዱ ስለሚሆን፣ ሁሉን ነገር ከጎግል ከሚጠይቀው ይልቅ ለዚህ ፈተና የቀረበ ነው።

አርኤችሲኤስኤ ብዙ ሰው የሚጥለው ከባድ ነገር ጠይቆ አይደለም። የተሠራው ሁሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ በቦታው መገኘት ስላለበት ነው። አንድ ምሳሌ እንይ፦ ተፈታኙ አዲስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ይፈጥራል፣ ፎርማት ያደርጋል፣ በቋሚነት እንዲያያዝም ማሽኑ ሲነሣ የሚያያዙት ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጨምራል። በመስመሩ ላይ የዲስኩን መለያ ቁጥር ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢዘነጋ ለጊዜው የሚታይ ችግር የለም። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ግን ዲስኩን ፈልጎ ያጣና የአደጋ ጊዜ ሁነታ ላይ ቆሞ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ማሽኑ ካልተነሣ የቀረው ሥራ በትክክል ቢሠራም የሚቆጠር ነጥብ አይኖርም። መከላከያው ቀላል ነው፦ ፋይሉ ላይ የተዘረዘሩትን በሙሉ የሚያያይዘውን የማውንት ትእዛዝ አስቀድሞ መስጠትና ስሕተት ካለ እዚያው ማየት። አገልግሎቶችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። አሁን እንዲሠራ ማስጀመር ብቻውን አይበቃም፤ በየመነሻው እንዲነሣ በሌላ ትእዛዝ ማንቃት ያስፈልጋል። ኤስኢሊኑክስ የተባለውን የደኅንነት ጥበቃ ማጥፋት ደግሞ በሥራ ቦታ የተለመደ ስንፍና ቢሆንም በፈተናው አያዋጣም።

ልምምድ

8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) ያለ ችግር ይሸከማል። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ሰው ያለ ግራፊክስ፣ በጽሑፍ ገጽ ብቻ ቢጭን ይሻለዋል፤ ፈተናው ላይ የሚቆጠረውም ትእዛዝ በሚጻፍበት ተርሚናል ላይ የሚሠራው ነው። ማሽኖቹ ስም ሲፈልጉ ሰርቨር አንድና ሰርቨር ሁለት ከማለት ባቲና አምባሰል ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ለዓይንም ለጆሮም ይቀላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10፣ የኢንቴል ከሆነ ከ2013 በፊት በነበሩ ፕሮሰሰሮች ላይ አይነሣም። አልማ ሊኑክስ 10 ለቆዩ ፕሮሰሰሮች የሚሆን የተለየ ዝግጅት አለው። ሥሪት 9 ግን በእነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ላይ ይሠራል።

የሮኪ ወይም የአልማ ሙሉ የዲቪዲ ምስል (የመጫኛው ፋይል) በ10 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለማውረድ የሚደፍረው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ የግቢ ዋይፋይ ባለበት ያወርደዋል፣ ሌላው በፍላሽ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌር የሚጫነው ከዚያው ምስል ነው፤ ለዚህም የሶፍትዌር ማከማቻውን አድራሻ ወደ ራስ ዲስክ እንዲያመለክት አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ችግር ያስተማረው ይህ ዘዴ ራሱ የአርኤችሲኤስኤ የፈተና ነጥብ መሆኑ ያስገርማል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት እንዲህ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ላለው ሰው ትምህርቱ አልቆመበትም።

መብራትም የራሱ ድርሻ አለው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ልምምድ እየተካሄደ ድንገት ሲጠፋ፣ ተማሪው ሳይፈልገው ዳግም የመነሣት ፈተና ውስጥ ይገባል፤ ኤፍኤስታቡ ትክክል መሆን አለመሆኑ መብራቱ ሲመለስ ይታወቃል።

ለንባብ ሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት በድረ ገጹ በነፃ የሚያቀርባቸው የመማሪያ ጽሑፎች ኤልፒክ-1ን በየርዕሱ ይሸፍናሉ። የሊኑክስ ፋውንዴሽን የመግቢያ ኮርስም ነፃ ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአንድሮይድ ላይ ያተኮረ በመሆኑ ለዚህ ፈተና የሚሰጠው ቀጥተኛ እገዛ የለም።

ዳምፕ በመባል የሚታወቁት የተሰረቁ ጥያቄዎች በየቴሌግራሙ ይሸጣሉ። መጠቀማቸው ተፈታኙ የሚፈርመውን የምሥጢር ጥበቃ ውል መጣስ ነው፣ ምስክር ወረቀትም ያሰርዛል። ለተግባር ፈተና ደግሞ እምብዛም አይጠቅሙም።

ምዝገባ፣ ክፍያና መፈተኛ ቦታ

የኤልፒክና የኮምፕቲያ ፈተናዎች የሚሰጡት በፈተና ሰጪው ድርጅት በፒርሰን ቪዩ በኩል ነው። ከወሎ የሚሄድ ተፈታኝ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከአንድ ቀን በፊት ደርሶ ማደር ይመረጣል። ከቤት ሆኖ መፈተንም አለ። እዚህ ላይ ግን አስቂኝ ነገር ያጋጥማል፦ የፒርሰን ቪዩ የቤት ፈተና ሶፍትዌር የሚሠራው በዊንዶውስና በማክ በመሆኑ፣ የሊኑክስ ተፈታኝ ስለ ሊኑክስ የሚያውቀውን ለማሳየት ዊንዶውስ መክፈት አለበት። ሬድ ሃት ራሱ ባዘጋጀው ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ያስፈትናል። በሁለቱም በኩል የኔትወርክ መቆራረጥ ፈተናውን ሊያቋርጠው ስለሚችል፣ ደሴ ላይ ያለ ሰው ከቤት ከመፈተን ጉዞውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ተፈታኞች ባንኮች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድን ይጠቀማሉ። የኤልፒክ ዋጋ በየአገሩ ስለሚለያይ ከመክፈል በፊት ለኢትዮጵያ የተቀመጠውን ማየት ተገቢ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ጥቅም

አከራካሪው ነጥብ ይህ ነው። የቅጥር ማስታወቂያዎች በአብዛኛው ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ምስክር ወረቀቱን ቢጠቅሱት እንኳ «ያለው ይመረጣል» ከሚለው አያልፉም። ስለዚህ ገንዘቡን አይመልስም የሚሉ አሉ፣ ምናልባትም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር እውነታቸውን ነው። ሰርቨሮቻቸው በሊኑክስ ለሚሠሩ ባንኮች፣ ለቴሌኮምና ከርቀት ለሚቀጥሩ የውጭ ድርጅቶች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ኔትወርካቸውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንን ሰው ሸገር ድረስ ሄደው መፈለጋቸው ለወሎ ልጆች የሚያስቆጭ ነው።

ጊዜው

ኤልፒክ-1 ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ቀጣዩን ደረጃ ኤልፒክ-2ን ያለፈ ሰው የታችኛው አብሮ ይታደስለታል። አርኤችሲኤስኤ 3 ዓመት ነው፣ ብዙ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ በሚያዘጋጀው አንሲብል በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተውን ከፍተኛ ፈተና አርኤችሲኢ ያለፈም ያድስበታል። ኤልኤፍሲኤስ ቀድሞ 3 ዓመት የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ወደ 2 ዓመት ወርዷል። ሊኑክስ ኢሴንሻልስ ብቻ ጊዜው አያልፍም።