የማይነር ሊግ ተስፈኞችን መከታተል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካው የቤዝቦል ክለብ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ የነገውን ቡድን ማወቅ ከፈለገ ዓይኑን የሚጥልባቸው አራት የማይነር ሊግ (ክለቦች ወጣቶቻቸውን ለሜጀር ሊግ የሚያሳድጉበት ውድድር) ከተሞች አሉ፤ ከላይኛው ደረጃ ሲጀመር፦ ሮቸስተር በትሪፕል ኤ፣ ሃሪስበርግ በደብል ኤ፣ ዊልሚንግተን በሃይ ኤ፣ ፍሬድሪክስበርግ በሲንግል ኤ። ከእነዚህ በታች በፍሎሪዳው ዌስት ፓልም ቢች እና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚጫወቱ የጀማሪ ቡድኖች አሉ። የየምሽቱ ውጤት በነፃ ይገኛል። ሰውን የሚያሳስተው አነባበቡ ነው፤ ያው ቁጥር በአንዱ ከተማ መልካም ዜና፣ በሌላው መጥፎ ዜና ሊሆን ይችላል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ማይነር ሊግ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው፤ ያሸነፈ ወደ ላይ ያድጋል»

ከእግር ኳስ ለመጣ ተመልካች ይህ የሚጠበቅ ስህተት ነው። እኛ ጋ በከፍተኛ ሊግ የቀናው ቡድን ፕሪሚየር ሊግ ይገባል። በቤዝቦል የሚያድገው ተጫዋቹ እንጂ ቡድኑ አይደለም። ሃሪስበርግ መቶ ጨዋታ ቢያሸንፍም በዓመቱ እዚያው ደብል ኤ ነው። ሠላሳው የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት ሙሉ የውድድር ዘመን የሚጫወቱ ቡድኖች አሏቸው፤ በ2021 በተደረገው አዲስ አደረጃጀት ጠቅላላ ቁጥራቸው 120 ሆኗል።

የአካባቢው ክለብ ባለቤት ስታዲየሙን፣ ትኬቱንና ሆት ዶጉን ይመራል። የተጫዋቾቹንና የአሠልጣኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው፣ ማን የት እንደሚሰለፍ፣ ማን ስንት ኳስ እንደሚወረውር የሚወስነው ዋሽንግተን ነው። ስለዚህ ቡድኑ በስምንተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች) በአንድ ነጥብ እየመራ ሳለ ወርዋሪው ሲንገዳገድ ማንም ባይቀይረው አሠልጣኙን መሳደብ አያስፈልግም። ልጁ በዚያ ምሽት 25 ኳስ እንዲወረውር ታዟል፤ 25ቱን ይወረውራል፤ ጨዋታው ቢጠፋ ይጠፋል። የደረጃ ሰንጠረዡ ስለ ተስፈኞቹ የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም ቡድኑ በጁላይ መሸነፍ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምርጦቹ ወደ ላይኛው ደረጃ ስለሄዱ ነው።

«ደረጃውን አንድ በአንድ መውጣት ግዴታ ነው፤ ትሪፕል ኤ ያልተጫወተ ሜጀር ሊግ አይገባም»

መቺው ህዋን ሶቶ 2018ን የጀመረው በሲንግል ኤ፣ ያኔ የናሽናልስ በነበረው ሄገርስታውን ነው። እዚያ 16 ጨዋታ፣ ዉድብሪጅ በነበረው ፖቶማክ 15፣ ሃሪስበርግ 8። ሜይ 20 በ19 ዓመቱ ለዋሽንግተን ተሰለፈ። የያኔው ትሪፕል ኤ ቡድን ሲራኪዩስ ነበር፤ ሶቶ ማልያውን አልለበሰም።

እንደ ሶቶ ያለ በየዓመቱ አይገኝም። ነገር ግን መንገዱ የሚያሳየው አንድ እውነት አለ፦ ትልቁ ፈተና ከሃይ ኤ ወደ ደብል ኤ የሚደረገው ዝላይ ነው። በታችኞቹ ደረጃዎች ወጣቱ ወርዋሪ ሁለት ኳስ ከዒላማው ውጪ ከጣለ በኋላ ዒላማ ውስጥ ማስገባት የሚችለው ፈጣኑን ቀጥታ ኳስ ብቻ ነው። መቺውም ይህን ስለሚያውቅ ጠብቆ ይመታል። ሃሪስበርግ ላይ ያለው ወርዋሪ ግን ሁለት ኳስ ውጪ ጥሎም ቢሆን ስላይደር (የሚታጠፍ ኳስ) ወይም ቼንጅአፕ (ፈጣን መስሎ የሚዘገይ ኳስ) ይልካል። ፈጣን ኳስ ብቻ ጠብቆ ሲያድግ የቆየ መቺ እዚህ ይጋለጣል። በ2023 ድራፍት (ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት) ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ዲላን ክሩስ በዚያው ክረምት ፍሬድሪክስበርግ ላይ እንደልቡ ሲመታ ቆይቶ ሃሪስበርግ በ20 ጨዋታ ያስመዘገበው የመምታት አማካይ .208 ነበር፤ ከመቶ ሙከራ 21 ያህል የተሳካ ምት ማለት ነው።

ትሪፕል ኤ ሌላ ቦታ ነው። ግማሹ ሜጀር ሊግን ቀምሶ የተመለሰ፣ ሰው ሲጎዳ ስልክ የሚጠባበቅ አንጋፋ ነው። ተስፈኛው እዚያ ሁለት ወር ቢቆይም ሁለት ዓመት ቢቆይም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ዋሽንግተን ላይ ክፍት ቦታ መኖሩ ነው።

«አማካዩ .320 ከሆነ ዝግጁ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

በቅድሚያ ዕድሜውን ይመልከቱ። ሲንግል ኤ ላይ አማካይ ዕድሜ 21 አካባቢ፣ ሃይ ኤ ላይ 22 ወይም 23፣ ደብል ኤ ላይ 24፣ ትሪፕል ኤ ላይ 26 እና 27 ነው። ዊልሚንግተን ላይ .250 የሚመታ የ19 ዓመት ልጅ፣ እዚያው .320 ከሚመታ የ24 ዓመት ሰው የበለጠ ተስፋ አለው። የመጀመሪያው በአራት ዓመት ከሚበልጡት ወርዋሪዎች ጋር እየታገለ ነው፤ ሁለተኛው ታናናሾቹን እየመታ ነው።

ከዚያ ስትራይክአውቱን (በሦስት ስትራይክ ከተራው መውጣቱን) እና ዎኩን (በአራት ከዒላማ ውጪ ኳስ ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ መሄዱን) ለመምታት በቆመበት ተራ ብዛት ያካፍሉ። 240 ተራ አግኝቶ 72 ጊዜ ስትራይክአውት ከሆነ 30 በመቶ ነው፤ 24 ዎክ ካለው 10 በመቶ። በሜጀር ሊግ ስትራይክአውት 22 በመቶ፣ ዎክ 8 በመቶ አካባቢ ነው። ሲንግል ኤ ላይ 30 በመቶ ያለው መቺ ያሳስባል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወርዋሪዎቹ ስለሚብሱ ቁጥሩ በራሱ አይወርድም። በ2022 ድራፍት አምስተኛ ሆኖ የተመረጠው ኤላይጃ ግሪን ጉልበትም ፍጥነትም ነበረው፤ በ2023 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ግን ከሦስት ተራ ከአንድ በላዩ ስትራይክአውት ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ የሆምራኑ (አጥር ተሻግሮ የሚወጣው ምት) ርዝመት ዓይን ሊያጭበረብር አይገባም።

በሌላ በኩል ጄምስ ዉድን ይውሰዱ። በኦገስት 2022 ሶቶ ወደ ሳንዲያጎ ሲሸጥ በልዋጩ ከመጡት ተስፈኞች አንዱ ነው። በ2023 ሃሪስበርግ ላይ ከሦስት ተራ በአንዱ ገደማ ስትራይክአውት ይሆን ነበር። በ2024 ሮቸስተር ላይ ከአምስት አንድ በታች አደረሰው፤ በ52 ጨዋታ .353 መታ፤ ጁላይ 1 ተጠራ። እዚህ ላይ ዋናው ዜና .353ቱ ሳይሆን የስትራይክአውቱ መውረድ ነበር። ሜጀር ሊግ ገብቶ ስትራይክአውቱ እንደገና ሽቅብ መሄዱም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

የጨዋታ ብዛትም አለ። የስትራይክአውት መጠን ከ60 ተራ ገደማ በኋላ ትርጉም መስጠት ይጀምራል፤ ዎክ ወደ 120 ይፈልጋል። የመምታት አማካይ ግን ሙሉ የውድድር ዘመንም አይበቃው። «በዚህ ሳምንት .450 መታ» የሚለው ወሬ ለጨዋታ ማድመቂያ ብቻ ነው።

ቦታውም ይለያያል። ሌላዋ የትሪፕል ኤ ከተማ አልበከርኪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ ኳስ ርቆ ይሄዳል፤ የእዚያን ሆምራን ከሮቸስተር ጋር እኩል መቁጠር አይቻልም። (አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።) በ2023 ደግሞ ትሪፕል ኤ ላይ በግማሽ ያህሉ ጨዋታ ዳኛው ኳሱ ዒላማ ውስጥ መግባቱን በኮምፒዩተር ያስወስን ስለነበር ዎክ በሊጉ ሁሉ ጨመረ። የዚያን ዓመት ዎክ ከዚያው ሊግ አማካይ ጋር ብቻ ያነፃፅሩ።

«የወርዋሪው ኢ አር ኤ 5 ከሆነ አበቃለት»

ኢ አር ኤ ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ሲሆን የተከላካዮቹንም ሥራ ይጨምራል። የሲንግል ኤ ሜዳና የሲንግል ኤ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) ደግሞ ብዙ ቀላል ኳስ ያሳልፋሉ። ከዚያ በላይ ወርዋሪው «በእያንዳንዱ ኢኒንግ ቢያንስ አምስት ቼንጅአፕ ጣል» ተብሎ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ኳስ ገና ስላልተያዘለት ይመታበታል። ያ የሥልጠና ዋጋ ነው። የሚሻለው መለኪያ ከስትራይክአውት መቶኛው የዎክ መቶኛውን መቀነስ ነው፤ 28 በመቶ ስትራይክአውትና 8 በመቶ ዎክ ያለው 20 ያገኛል፤ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ልዩነቱ ከ10 በታች ከሆነ ኢ አር ኤው 2 ቢሆንም ጥርጣሬ ይገባል።

ማይነር ሊግ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ስድስት ጨዋታ ይጫወታል፤ ሰኞ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይወረውራል፤ ታችኛው ደረጃ ላይ ከ70 እስከ 80 ኳስ ይበቃዋል። በ45 ኳስ ከወጣ ተጎዳ ብሎ ከመደንገጥ በፊት የማግስቱን የዝውውር ማስታወቂያ ማየት ነው። «የ7 ቀን ጉዳተኛ ዝርዝር» ካለ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ «60 ቀን» ካለ ከባድ ነው። «ዴቨሎፕመንት ሊስት» ካለ አልታመመም፤ የቡድኑን ቦታ ሳይዝ ጨዋታ ትቶ ልምምድ ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል።

«ካልተጠራ አይፈልጉትም፣ ከተመለሰ ወድቋል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ሜጀር ሊግ ላይ 172 ቀን እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል፤ ተጫዋቹ ወደፈለገው ክለብ ለመሄድ ነፃ ለመሆን ስድስት እንዲህ ያለ ዓመት ያስፈልገዋል። የውድድሩ ዘመን ወደ 187 ቀን ስለሆነ ክለቡ ልጁን ሁለት ሳምንት ከትንሽ ካዘገየ አንድ ተጨማሪ ዓመት ያገኛል። ቺካጎ ከብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን ኤፕሪል 17 ሲጠሩት በዓመቱ መጨረሻ 171 ቀን ሆነለት፤ አንድ ቀን ጎደለ። ከ2022 ስምምነት በኋላ ግን ማበረታቻ አለ፤ ስሙ በትልልቆቹ የመቶ ምርጦች ዝርዝሮች ውስጥ ያለን ጀማሪ (ለሜጀር ሊግ አዲስ የሆነን ተጫዋች) ሙሉ ዓመት ያሰለፈ ክለብ፣ ልጁ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ከተባለ ተጨማሪ የድራፍት ምርጫ ያገኛል።

አሁን ክሩስን እንመልከት። የተጠራው ኦገስት 26፣ 2024 ነው። ጀማሪነት የሚያበቃው 130 አት ባት (ዎክ የማይቆጠርበት የመምታት ተራ) ወይም በሜጀር ሊግ ቡድን ዝርዝር ውስጥ 45 ቀን ሲያልፍ ነው። ውድድሩ ሴፕቴምበር 29 ሲያበቃ 35 ቀን ብቻ ነበረው፤ አት ባቱም 119። ስለዚህ 2025ን አሁንም ጀማሪ ሆኖ ጀመረ። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም።

መመለስን በተመለከተ፦ የክለቡ የ40 ሰው ዝርዝር (ለሜጀር ሊግ ሊሰለፉ የሚችሉት) ውስጥ የገባ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሦስት የኦፕሽን ዓመት (ወደ ማይነር ሊግ ሊላክ የሚችልበት) አለው። በዓመቱ ውስጥ 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ታች ከዋለ አንዱ ዓመት ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት እስከ አምስት ጊዜ ሊላክ ይችላል። የወረደ መቺ ቢያንስ 10 ቀን፣ ወርዋሪ 15 ቀን መቆየት አለበት፤ በጉዳተኛ ምትክ ካልተጠራ በቀር። «ወረደ» የሚለው ዜና ሲመጣ ቀኑን ቆጥሮ መጠበቅ ነው። ኦፕሽኑ ያለቀበትን ግን ክለቡ ሌሎች ክለቦች ሊወስዱት ሳያቀርብ ወደ ታች መላክ አይችልም። በማርች ወር ከተስፈኞቹ ዝርዝር ይልቅ ኦፕሽን ያለቀባቸውን ዝርዝር ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«ውድድሩ ካለቀ በኋላ የሚታይ የለም»

ኖቬምበር ላይ ክለቡ ማንን 40ው ውስጥ እንደሚያስገባ ይወስናል። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ከአምስት፣ በ19 ወይም ከዚያ በኋላ የፈረመ ከአራት የውድድር ዘመን በኋላ ካልተጠበቀ፣ በዲሴምበሩ ሩል 5 ድራፍት ሌላ ክለብ በ100,000 ዶላር ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ክለብ ዓመቱን ሙሉ ለሜጀር ሊግ ጨዋታ በሚሰለፉት 26 ተጫዋቾች ውስጥ ማቆየት አለበት፤ ካልፈለገ በ50,000 ይመልሳል። ናሽናልስ ናሲም ኑኔዝን ከማያሚ በዚህ መንገድ ወስደው 2024ን ሙሉ አቆዩት፤ ከደብል ኤ በላይ ተጫውቶ አያውቅም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ወንበር ላይ ነበር። ሜጀር ሊግ ላይ መቀመጡ ግን ዝግጁ ነው ማለት አልነበረም፤ በ2025 ወደ ሮቸስተር ወረደ።

«ዝርዝሩ ላይ 3ኛ ነው፤ ስለዚህ ኮከብ ይሆናል»

የሠላሳ ምርጦች ዝርዝር አንፃራዊ ነው፤ ከላይ ያሉት ሜጀር ሊግ ሲገቡ ታች ያለው ምንም ሳይሻሻል ከፍ ይላል። ከተራ ቁጥሩ ይልቅ ከ20 እስከ 80 የሚሰጠውን ደረጃ ይፈልጉ፤ 50 የሜጀር ሊግ አማካይ ማለት ነው። ማይክ ፒያዛ በ1988 በ62ኛው ዙር ተመርጦ የዝና አዳራሽ ገብቷል። ድራፍቱ አሁን 20 ዙር ብቻ ስለሆነ ዛሬ ቢሆን ስሙም አይጠራም ነበር።

«ሜዳ መሄድ የሚጠቅመው ለመዝናናት ብቻ ነው»

ፍሬድሪክስበርግ ከዲሲ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓርብ ማታ 95 አውራ ጎዳና ላይ ያለውን መጨናነቅ የሚያውቅ እሑድ ቀን ይመርጣል። የሚፈልጉት ወርዋሪ የትኛው ቀን እንደሆነ ባለፈው ከወረወረበት ቀን ሰባት ቆጥረው ይገምቱ፤ በማለዳም የዕለቱን ጨዋታ የሚጀምረውን ወርዋሪ ያረጋግጡ። ስልክ ላይ ያለ የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃል። ዱላው ኳሱን በነካበት ቅጽበት ይጀምሩ፣ እግሩ የመጀመሪያውን ቤዝ ሲረግጥ ያቁሙ፦ ለቀኝ እጅ መቺ 4.3 ሰከንድ፣ ለግራ 4.2 አማካይ ነው። ለካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን ለሚቀበለው) ደግሞ ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ ጀምሮ ሁለተኛው ቤዝ ላይ እስኪያዝ፤ 2.0 አማካይ ነው። ኳሱ በቀላሉ እንደሚያዝ አይቶ ሩጫውን ያላላውን አይቁጠሩ፤ ባንትም (ዱላውን ሳያወዛውዙ ኳሱን በቀስታ መንካት) አይቁጠሩ፣ መቺው ሩጫውን አስቀድሞ ስለሚጀምር። ጣት ስለሚዘገይ ቢያንስ ሦስት ልክ ወስደው፣ ከሌሎቹ በጣም የራቀውን ጥለው የቀሩትን ይያዙ።