የስዊዘርላንዱ «ማዕከል» ፓርቲ፦ የስሙ ለውጥና የታሪኩ ቀጣይነት

በጀርመንኛ «ዲ ሚተ»፣ በፈረንሳይኛ «ለ ሳንትር» የሚባለው የስዊዘርላንድ «ማዕከል» ፓርቲ በአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት ውስጥ መቀመጫ ካላቸው አራት ፓርቲዎች አንዱ ነው። በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ ቢሆንም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት ያልፋል። በ1912 በሉሰርን ከተማ ሲመሠረት «ወግ አጥባቂ ሕዝባዊ ፓርቲ» ነበር፤ በ1957 «ወግ አጥባቂና ክርስቲያን ማኅበራዊ ሕዝባዊ ፓርቲ» ሆነ፤ በ1970 ደግሞ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የታወቀበትን «ክርስቲያን ዴሞክራቲክ ሕዝባዊ ፓርቲ» የሚለውን ስም ያዘ። ከእነዚህ አራት ስሞች ክርስትናን የሚጠቅሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የደጋፊዎቹ ዋነኛ መለያ የነበረው «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ግን በአንዱም ውስጥ አልገባም። ስለዚህ በ2021 የሆነው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሃይማኖታዊ ስም መጣል ተደርጎ ሲነገር ታሪኩ በግማሽ ይጎድላል።

የፓርቲው ሥር ያለው በሽንፈት ውስጥ ነው። በ1847 ሉሰርን፣ ኡሪ፣ ሽቪትስ፣ ኡንተርቫልደን፣ ዙግ፣ ፍሪቡርና ቫሌ የተባሉት ሰባት የካቶሊክ ካንቶኖች (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛቶች) የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው ከተቀሩት ጋር የተዋጉ ሲሆን፣ ጦርነቱ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ በእነርሱ ሽንፈት አበቃ። በተከታዩ ዓመት የጸደቀው የ1848 ሕገ መንግሥት የአሸናፊዎቹ ሊበራሎች ሥራ ነበር፤ ሰባት አባላት ያሉት የመጀመሪያው የፌዴራል መንግሥትም ሙሉ በሙሉ በእነርሱ እጅ ወደቀ። የኢየሱሳውያን ማኅበር የተባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር በአገሪቱ እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጻፈ፤ ይህም አንቀጽ የተሰረዘው በ1973 በሕዝበ ውሳኔ ነው። ካቶሊኮቹ ወግ አጥባቂዎች ወደ መንግሥት የገቡት ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ የሉሰርኑ ዮሴፍ ዜምፕ ሲመረጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ መሣሪያቸው ሕዝበ ውሳኔ ነበር፤ ምክር ቤቱ ያወጣቸውን ሕጎች ፊርማ እያሰባሰቡ ለሕዝብ ድምፅ በማቅረብ ደጋግመው ጥለዋቸዋል። ለዜምፕ መመረጥም ትልቁ ምክንያት ይህ አቅማቸው ነበር።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ወገን በ1912 አገር አቀፍ ፓርቲ ሲያቋቁም በስሙ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን አለመጻፉ ድንገተኛ ነገር አይደለም። «ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል የካንቶኖችን ነፃነት ከማዕከላዊ መንግሥት መስፋፋት ለመጠበቅ የሚሹትን ሁሉ ሊያሰባስብ ይችላል ተብሎ ታምኖበታል፤ በተግባር ግን የፕሮቴስታንቶች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቀረ። በ1919 የተመጣጣኝ ውክልና የምርጫ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ሲውል የሊበራሎቹ የበላይነት አበቃ፤ ወግ አጥባቂዎቹም ሁለተኛ የካቢኔ መቀመጫ አገኙ።

የ1957ቱን ለውጥ ያመጣው የሕዝብ ፍልሰት ነው። ከተራራማዎቹ የካቶሊክ ካንቶኖች ተነሥተው ወደ ዙሪክ፣ ወደ ባዝልና ወደ ሌሎች የኢንዱስትሪ ከተሞች የሄዱት ሠራተኞች በክርስቲያን ማኅበራዊ የሠራተኛ ማኅበራት ተደራጅተው ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ የሚጠይቁ ሆነው ነበር። «ወግ አጥባቂ» የሚለው ስም ለገበሬውና ለትንሹ ከተማ ነጋዴ እንጂ ለእነርሱ አልተስማማም። ረጅሙና ለአነጋገር የማይመቸው የ1957 ስም ሁለቱን ክንፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ስምምነት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ማርቲን ሮዘንበርግ ያቀነባበረው «አስማታዊ ቀመር» ካቢኔውን ለሦስቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሁለት ሁለት፣ ለአራተኛው አንድ መቀመጫ አድርጎ ከፋፈለው። ይህ ቀመር እስከ 2003 ሳይናወጥ ቆየ። በእኔ ግምት ፓርቲው ለስዊዘርላንድ ካበረከተው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ የመሀል ፖለቲካ ሲባል ቀኝንና ግራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ መሆኑን በተግባር አሳይቷልና።

የ1970ው ስም የመጣው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ የካቶሊኩ ኅብረተሰብ ለራሱ የሠራቸው ማኅበራት፣ ጋዜጦችና ትምህርት ቤቶች እየተፈቱ ባሉበት ጊዜ ነበር። «ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ወጣ፤ «ዴሞክራቲክ» ገባ፤ ፓርቲውም ራሱን በግልጽ የመሀል ፓርቲ ብሎ ጠራ። ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ሲሆን፣ የብሔራዊ ምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ የሆኑት የዚሁ ፓርቲ አባል ኤሊዛቤት ብሉንሺ ናቸው፤ በ1977።

አዲሱ ስም ግን የሚጠበቅበትን አላመጣም። በ1963 ከ23 በመቶ በላይ የነበረው የፓርቲው ድምፅ በ2003 ወደ 14.4 ወረደ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ካቢኔ ውስጥ የነበሩት ሩት ሜትስለር መቀመጫቸውን ለስዊዝ ሕዝባዊ ፓርቲው ክሪስቶፍ ብሎኸር ለቀቁ፤ ከዚያ ወዲህ ፓርቲው ያለው አንድ መቀመጫ ነው። በ2019 ደግሞ ድምፁ 11.4 በመቶ ሆነ።

በ2016 ሊቀ መንበር የሆኑት የዙጉ ጌርሃርት ፊስተር መከራከሪያ ግልጽ ነበር፦ ከካቶሊክ ካንቶኖች ውጭ ብዙ ሰው በፓርቲው አቋሞች ይስማማል፤ ስሙን ሲያይ ግን የቤተ ክርስቲያን ድርጅት አድርጎ ይቆጥረዋል። ፓርቲው ያስጠናው የሕዝብ አስተያየትም ይህንኑ አመለከተ። ሁለተኛው ምክንያት ወግ አጥባቂ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የተባለው ትንሽ ፓርቲ ነበር። ይህ ፓርቲ በብሎኸር ምትክ የተመረጡት ኤቨሊን ቪድመር ሽሉምፕፍ ከስዊዝ ሕዝባዊ ፓርቲ ከወጡ በኋላ በ2008 የተመሠረተ ሲሆን፣ በአብዛኛው በበርን፣ በግላሩስና በግራውቡንደን ያሉ፣ ከካቶሊክ ትውፊት ጋር የማይገናኙ መራጮች ነበሩት። በ2019 ወደ 2.4 በመቶ የወረደው ይህ ወገን «ክርስቲያን» በሚል ስም ሥር ሊጠቃለል አይችልም ነበር። በ2020 መጸው በተደረገው የአባላት ድምፅ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት አዲሱን ስም ደገፉ፤ በኖቬምበርም የሁለቱ ፓርቲዎች ተወካዮች ውህደቱን አጸደቁ። ተቃውሞው ጠንከር ያለው በነባሮቹ የካቶሊክ አካባቢዎች ነበር። ስጋታቸውም ተራ የስም ናፍቆት አልነበረም፤ የሰው ልጅ ክብር፣ መደጋገፍና ሥልጣንን ለታችኛው አካል መተው የሚሉትን የክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት መርሆዎች ከስሙ ጋር ማን ይይዛቸዋል የሚል ጥያቄ ነበር። ፓርቲው «ነፃነት፣ መደጋገፍ፣ ኃላፊነት» በሚሉ ሦስት ቃላት ሊመልስላቸው ሞክሯል፤ ለካንቶን ቅርንጫፎችም ስማቸውን መቼ እንደሚለውጡ ራሳቸው እንዲወስኑ የዓመታት ጊዜ ሰጥቷል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀጣይነቱን ያሸከመው ምን እንደሆነ ያሳያል። የስዊዝ ፓርቲዎች የካንቶን ፓርቲዎች ኅብረት እንጂ ከላይ ወደታች የሚታዘዙ ድርጅቶች አይደሉም። እጩ የሚመለመለው፣ መዋጮ የሚሰበሰበው፣ ከንቲባ የሚመረጠው በካንቶንና በቀበሌ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ መቀመጫ በሆነችው በበርን ከተማ የሚለወጠው ስም ይህን መረብ አይነካውም። የጣሊያኑ የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ ዕጣ የተለየ ነበር፦ በ1994 በሙስና ምርመራ ተንኮታኩቶ ሲበተን ስሙንና የጋሻ ምልክቱን የሚሹ ቡድኖች በፍርድ ቤት ሲሟገቱ ኖሩ፤ ስሙ ተፈላጊ ሆኖ ሲቀር ያ ትልቅ ፓርቲ ግን አልተመለሰም። በስዊዘርላንድ በአንጻሩ በማርች 2025 ወደ ካቢኔ የተመረጡት ማርቲን ፊስተር የዙግ፣ በዚያው ዓመት ሊቀ መንበርነቱን የተረከቡት ፊሊፕ ማቲያስ ብሬጊ ደግሞ የቫሌ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ካንቶኖች ከጥንቶቹ ሰባት ናቸው።

በ2023 ምርጫ «ማዕከል» 14.1 በመቶ ድምፅና ከ200ው የብሔራዊ ምክር ቤት መቀመጫዎች 29ኙን አገኘ። ውጤቱ እንደ ድል ተነግሯል፤ ይሁን እንጂ የተዋሐዱት ሁለት ፓርቲዎች በ2019 በድምሩ 13.8 በመቶና 28 መቀመጫ እንደነበራቸው ለሚያስታውስ ሰው ስሙ ያስገኘው ጭማሪ መጠነኛ ነው፤ ቁልቁለቱን ማስቆሙ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በምክር ቤቱም «ማዕከል» በአንድ ቡድን የሚቀመጠው በ1919 በፕሮቴስታንቶች ከተመሠረተውና ሁለት መቀመጫ ካለው የወንጌላውያን ሕዝባዊ ፓርቲ ጋር ነው፤ በዚህ ቡድን ውስጥ ዛሬ እምነቱን በስሙ ላይ የያዘው ይህ ፓርቲ ብቻ ነው።