ስለ ካናቢኖይድ ተቀባዮችና ስለ አንጎል ጥበቃ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ «ሐሺሽ አንጎልን እንደሚጠብቅ ሳይንስ አረጋግጧል» የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም። አባባሉ ከእውነት ቁራጭ የተነሣ ስለሆነ በደፈናው ከመካድ አንድ በአንድ መመርመሩ ይሻላል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«አንጎላችን ለሐሺሽ የተሠራ ተቀባይ አለው።» ተቀባዩ (በሕዋስ ላይ ሆኖ የኬሚካል መልእክት የሚቀበል ሞለኪውል) አለ፤ የተሠራው ግን ለሐሺሽ አይደለም። የሐሺሽ ዋነኛ አስካሪ ንጥረ ነገር የሆነው ቲኤችሲ በ1964 ተለየ፤ ሲቢ1 የተባለው ተቀባይ በ1988 ታወቀ፤ በ1992 ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው፣ አናንዳማይድ የተባለ ካናቢኖይድ (እንዲህ ያለውን ተቀባይ የሚያነቃ ንጥረ ነገር) ተገኘ። ባለቤቱ ይህ ነው፤ ቲኤችሲ በተመሳሳይ ቁልፍ የሚገባ እንግዳ ነው።

«ተቀባዩ የሚጠብቅ ከሆነ ማጨስም ይጠብቃል።» ዋናው ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። በስትሮክ ወይም በሚጥል በሽታ ጊዜ ግሉታሜት የተባለው አነቃቂ መልእክተኛ ከልክ በላይ ሲፈስ፣ ካልሲየም መልእክቱን ወደሚቀበለው የነርቭ ሕዋስ እየገባ ይገድለዋል። ይህ ሕዋስ ታዲያ የራሱን ካናቢኖይድ እዚያው ሠርቶ ወደ ላኪው ሕዋስ ይመልሳል፤ ላኪው ላይ ያለው ሲቢ1 ሲነቃ የግሉታሜቱ ፍሰት ይቀንሳል፤ ካናቢኖይዱም ወዲያው በኢንዛይም ይፈርሳል። ጥበቃው የሚገኘው ከዚህ ቦታና ጊዜ ከመረጠ አሠራር ነው። በጢስ የገባ ቲኤችሲ ግን ቦታ ሳይመርጥ የማስታወሻውንም የሚዛኑንም ክፍል ለሰዓታት ያጥለቀልቃል፤ ሲቢ1 በአረጋጊ ሕዋሶችም ላይ በብዛት ስላለ ፍሬኑን ጭምር ያላላል፤ ሲደጋገም ደግሞ ተቀባዮቹ ራሳቸው ይመናመናሉ።

«በአይጥ የሠራ በሰውም ይሠራል።» ዴክሳናቢኖል የተባለው፣ በካናቢኖይድ አምሳል የተሠራ መድኃኒት በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በከባድ የጭንቅላት ጉዳት ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2006 የታተመው ውጤት ግን ጥቅም አላሳየም።

«ትንፋሽ ስለማያቆም አይጎዳም።» መተንፈስን በሚመራው የአንጎል ግንድ ሲቢ1 ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገና በማደግ ላይ ያለ የጎረምሳ አንጎል በቲኤችሲ ለሳይኮሲስ (ከእውነታ ለሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል።

«የሲቢዲ ዘይት ካለ ኪኒን አያስፈልግም።» ከሁሉ አሳሳቢው ይህ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 የፈቀደው የተጣራ ካናቢዲዮል (ሲቢዲ፣ ከቲኤችሲ ሌላ የሆነ የሐሺሽ ንጥረ ነገር) ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሰጠው በሌሎች መድኃኒቶች ላይ ተጨምሮ ነው፤ ሥራውም በዋናነት በሲቢ1 በኩል አይደለም። ዘመድ ከውጭ የላካት፣ ጠብታ መለኪያ ያላት ጠርሙስ ውስጥ ያለው መጠን በላይዋ ከተጻፈው ሊለይ ይችላል። ሲቢዲ ቫልፕሮኤት ከተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ሌላውን የሚጥል በሽታ ኪኒን፣ ፌኖባርቢታልን፣ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ የማያባራ፣ ሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም ኪኒኑን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።